የዳክሬስ ግራ እጅ

አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ሁለት ዓይነት ደም ሊኖረው ይችላል? ቬሮና ፌሲ ከኪንግስተን ጀምሮ ይህን ጥያቄ ስታመነዥክ መጥታ፣ ሚኒባሱ ከሆስፒታሉ በር ላይ ሲያወርዳትም መልስ አላገኘችለትም።

የምታውቀው ይህን ያህል ነበር። ትናንት ጠዋት ኦርቪል ዳክሬስ የሚባሉ ሽማግሌ በወንዶች ተኝቶ መታከሚያ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ሞተዋል። የቆየ የስኳር ሕመም ነበረባቸው፤ ሆስፒታል ያስገባቸው ግን ስትሮክ ነው። ተረኛዋ ነርስ ጣታቸውን ወግታ ስትለካ ስኳራቸው ጣሪያ ነክቶ አገኘችው። በዚያው ልክ ኢንሱሊን ወጋቻቸው። በዚያችው ሰዓት ሐኪሙ ከክንዳቸው የቀዳው ደም ግን፣ ላቦራቶሪው ዘግይቶ እንደተናገረው፣ ስኳሩ የጤነኛ ሰው ነበር። ኢንሱሊኑ የሚያወርደው ትርፍ ስኳር ስላጣ የነበረችውን ጠርጎ ወሰዳት። ሽማግሌው አንደበታቸው ተይዞ ነበርና ሰው እንኳ ሳይጣሩ አሸለቡ።

ከጣት አንድ ደም፣ ከክንድ ሌላ ደም። ፖሊስ የዋሸችው ነርሷ ናት ብሏል።

ቬሮና ራሷም ነርስ ነበረች። እንግሊዝ አገር ተምራ፣ እዚያው ብዙ ዓመት በሽተኛ ስታገላብጥ ኖራ ከተመለሰች ወዲህ የጤና ጽሕፈት ቤቱ እንዲህ ያለ ሞት ሲያጋጥም ይልካታል። መመለሷ ትክክል ይሁን ስሕተት አሁንም አልለየላትም። ከሻንጣዎቿ አንዱን እስካሁን አልፈታችውም።

በሩ ላይ አንድ ወፍራም ሰው ማንጎ እየጋጠ ጠበቃት።

«ሚስ ፌሲ እርስዎ ነዎት? ኮርፖራል ሊንዶ እባላለሁ።» እጁን ሊዘረጋላት አለና መለሰው፤ ጭማቂው እስከ ክርኑ ወርዶበታል። «ይቅርታ፣ ወቅቱ ነው፤ ምን ይደረግ! ነገሩ እንኳን ያለቀ ነው። ከሰዓት በኋላ ነርሷን ይዣት እሄዳለሁ። እርስዎ ለወጉ ያህል ይዩት።»

«ያለቀ ከሆነ ለምን ጠበቁኝ?»

«አለቃዬ ‹ለንደን የተማረች ሴት ትመጣለች፣ ጠብቃት› ስላለኝ።»

«የተማርኩት በርሚንግሃም ነው።»

«ያው ብርድ ነው» አለ ሊንዶ፣ የማንጎውን ፍሬ ወደ አጥሩ እየወረወረ።

ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ሐሳቡን ዘረዘረላት። የመለኪያ ማሽኑ ያነበበውን ያስታውሳል። ትናንት ጠዋት ያንን ጣሪያ የነካ ቁጥር ማንበቡ እርግጥ ነው።

«ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው» አለ። «የዳክሬስን ጣት አልወጋችም። የሌላ የስኳር በሽተኛ ጣት ወጋች፤ ማሽኑ ቁጥሩን ያዘላት። ከዚያ ኢንሱሊኑን ለዳክሬስ! ማሽን ምስክር አድርጎ ሰው መግደል አይተው ያውቃሉ?»

«ለምን ትገድላቸዋለች?»

«የእናቷ ቤት ያለው ዳክሬስ መሬት ላይ ነው። ልቀቁ ብሎ ከሷቸዋል። እሱ ከሞተ ክሱ ይንጠለጠላል። ይህንንም ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።»

 ሐሳቡ ሞኝ አልነበረም። ቬሮናን ያስፈራትም ይኸው ነው።

ክፍሉ ሙሉ ነበር። ከጣሪያው የተንጠለጠለው ማራገቢያ ሙቀቱን ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ያዛውራል። ቬሮና እንደ ልማዷ በቅድሚያ እጇን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደች። ስትከፍተው ጉሮሮውን ጠራርጎ አየር ተፋባት።

«አይድከሙ፣ ውሃ ከትናንት በስቲያ ማታ ጀምሮ ጠፍቷል» አሉ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ክሎቨር፣ ከኋላዋ መጥተው። ቀጥ ያሉ፣ ቀበቶአቸውን ጠበቅ ያደረጉ ሴት ናቸው። «በበርሜል ያለችውን ለመጠጥና ለመድኃኒት አስቀርተናታል። ለእጅ አልኮል አለ። እሱን ይጠቀሙ ብዬ ለሁሉም ነግሬአለሁ።»

ነርስ ካዲያን ቱሎክ በአንሶላ ማስቀመጫው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። የደንብ ልብሷ እንደ ተተኮሰ ነው። ፊቷ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየም።

«ጣታቸውን ወግተሻል?» አለቻት ቬሮና።

«ወግቻለሁ።»

«የትኛውን እጅ?»

«ግራውን። ቀኙ ስትሮክ የያዘው ነው፤ መርፌም ተተክሎበታል።»

«ከመውጋትሽ በፊት ምን አደረግሽ?»

«በአልኮል ጥጥ ጠረግሁት፤ እስኪደርቅ ጠበቅሁ፤ ወጋሁ። ምን ሌላ አለ?»

«ቁጥሩን ስታዪ ምን አልሽ?»

ካዲያን ጣቶቿን አቆላለፈች። «ደነገጥኩ። ሳምንቱን ሙሉ ደህና ነበሩ። ደግሜ ልለካ ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር። ግን የመለኪያ ወረቀቱ በቁጥር ነው የሚሰጠን፤ ለአንዱ ሁለት ካባከንኩ ከሰዓት በኋላ አንዱ በሽተኛ ሳይለካ ይውላል። የሐኪሙ ትእዛዝ ደግሞ ቁጥሩ እዚህ ከደረሰ ይህን ያህል ስጪ ይላል። ሰጠሁ።»

«ምግባቸውስ?»

«በአፍንጫ ቱቦ ነው። መበጥበጫው ውሃ እስኪመጣ ዘገየ። ከዚያ በበሩ በኩል ያለው በሽተኛ ትንፋሽ አጠረው፤ ሁላችንም ወደ እሱ ሮጥን። ስመለስ ዳክሬስ ተኝተው አየኋቸው። ተኝተው መሰለኝ። ማረፍ አለባቸው ብዬ መጋረጃውን ሳብኩላቸው፣ ሚስ ፌሲ። መጋረጃ!»

«እናትሽን ከቤት ሊያስወጡ ነበር።»

«አዎ። ለዚህ ነው ከማንም አብልጬ የምጠነቀቅላቸው የነበረው። አንድ ነገር ቢሆኑ ጣት ወደ ማን እንደሚቀሰር የማላውቅ ይመስልዎታል? አሁን የሙያ ፈቃዴን ቀምተው ቢያስሩኝ እናቴ በማን ትደገፋለች?»

ቬሮና በርሚንግሃም ውስጥ ሁለተኛ ለመለካት ማንንም አስፈቅዳ አታውቅም።

ከሟቹ አልጋ አጠገብ አንድ እግራቸው በፋሻ የተጠቀለለ ሽማግሌ ተጋድመዋል። ክፍሉ በሙሉ «ማስ ሩፐርት» ይላቸዋል፤ እዚያ አገር አንቱ የሚባል ሰው እንዲህ ነው የሚጠራው። የስኳር በሽተኛ ናቸው።

«ማስ ሩፐርት፣ ትናንት ጠዋት ነርስ ካዲያን ጣትዎን ስንቴ ወጋችዎት?»

«አንዴ። ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ከሌባ የምጠብቀው ሁለት ነገር ቀርቶኝ ነበር፣ ጥርሴና ጣቴ። ጥርሴ ሄዷል። ጣቴን ማን እንደነካው ግን እቆጥራለሁ።»

«ስኳርዎ ስንት ነበር?»

«‹ጎበዝ፣ ወርዶልዎታል› ብላኛለች። ሲስተር ክሎቨርን ጠይቂ፤ የሁላችንንም ታውቃለች።»

ሲስተር ክሎቨር ከአልጋው ግርጌ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ዕለት በክፍሉ ውስጥ ከዳክሬስ በቀር የማንም ስኳር ወደዚያ ቁጥር እንዳልተጠጋ አረጋገጡ። ቬሮና ወደ ሊንዶ ዞር ብላ አየችው። ሊንዶ አንገቱን አከከ።

«እሱን ተዉትና የጉንዳኑን ነገር መላ በሉኝ» አሉ ማስ ሩፐርት። «ከትናንት ጀምሮ በሟቹ አልጋ ሰልፍ ወጥተው ለእኔም ተረፉኝ። ሰውየው ሞተ፤ እነሱ ለቅሶ መድረሳቸውን አልተዉም።»

ቬሮና ጎንበስ አለች። ቀጭን የጉንዳን መስመር ከመስኮቱ ወርዶ፣ ግድግዳውን ይዞ፣ ወደ ባዶው አልጋ ግራ ጎን ይሻገራል። የምግቡ ቱቦ ይንጠለጠልበት የነበረውን ራስጌ ንቆ አልፎታል። የተሰበሰበው በጎኑ ብረት ላይ፣ የተኛ ሰው እጁን በሚያሳርፍበት ቦታ ነው። ብረቱን በጣቷ ዳሰሰችው፤ እያጣበቀ ያዝ አደረጋት።

«ትናንት ጠዋት ማን ጠየቃቸው?»

«ልጁ ዴልማር የመጣው በዋዜማው ማታ ነው። መሬቱን ለሆቴል እንሽጥ ብሎ ሲጨቀጭቀው አመሸ፤ መናገር ከማይችል ሰው ጋር ይከራከራል፣ ጀግና! ጠዋት የመጣችው የሟቹ እህት ናት፣ ሚስ አይሲልዳ፤ እኛ ሚስ አይሲ ነው የምንላት። እሷ ከወፍ ቀድማ ትመጣለች። በየቀኑ ታጥበው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

ወጣቱን ሐኪም በኮሪደሩ አገኘችው። ከክንድ ደሙን የቀዳው ራሱ መሆኑን፣ አስከሬኑ ሲመረመርም ሆዱ ውስጥ አንዳች እህል እንዳልተገኘ ነገራት።

«ፍራፍሬ? ከረሜላ? ምንም?»

«ምንም። መዋጥ አይችሉም ነበር፤ ቢሞክሩ ሳንባቸው ይገባል። ቤተሰቡም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።»

ሚስ አይሲልዳ በግቢው ዛፍ ሥር፣ አግዳሚው ላይ ነበሩ። በጎናቸው የሸክላ ቅብ ያለው ሳፋ፣ በሳፋው ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ አለ። የወንድማቸው አስከሬን እስኪሰጣቸው ይጠብቃሉ።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አሏት፣ ቦታ እየለቀቁ። «ያቺን ልጅ ሊያስሯት ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«ሊሆን ይችላል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ከገደለችው እግዜር ይይላት። ካልገደለችው ደግሞ ማን ገደለው?»

«ትናንት ምን አብልተዋቸው ነበር?»

«ምንም!» ሴትየዋ ቀና አሉ። «አትስጪው ተብያለሁ፣ አልሰጠሁም። አንዲት ጠብታ በከንፈሩ አላለፈችም።»

«አጠቧቸው?»

«በምን ውሃ? ሌላ ጊዜ በየቀኑ ከራስ እስከ እግሩ አጥበው ነበር። ትናንት በደረቅ ጨርቅ አበስ አበስ አደረግሁት እንጂ።»

ቬሮና ጨርቁን አየችው። ጫፉ ላይ ቢጫ እድፍ ደርቋል። ያኔ ገባት፤ ጥያቄው ሁሉ ባንዴ ተፈታላት፤ የተፈታበት መንገድ ግን ጨርሶ ደስ አላሰኛትም።

መንገር ትችል ነበር። እዚያው አግዳሚ ላይ፣ ማንም ሳይሰማ። ግን ቢያውቁ ያምናሉ ወይስ ይክዳሉ? ያደረጉት ምን እንዳመጣ ሳይጠረጥሩ በኮርፖራሉ ፊት ካልተናገሩ፣ ሊንዶ «አሮጊቷን ምን አስጠንተው አመጧት?» ይላታል። ካዲያንም ከሰዓት በኋላ በካቴና ትሄዳለች። ቬሮና ተነሣች፤ ጥቂት ሄደች፤ ተመለሰች፤ ደግሞ ሄደች።

«ሚስ አይሲ» አለች በመጨረሻ፣ «አንዴ ወደ ውስጥ ይምጡልኝ።»

በሲስተር ክሎቨር ቢሮ ውስጥ ተሰበሰቡ። ካዲያን ከግድግዳው ተለጥፋ፣ ሐኪሙና ሊንዶ ከበሩ፣ ዴልማር ዳክሬስ ክንዱን አጣጥፎ። ማስ ሩፐርትን የጠራቸው አልነበረም፤ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን እየገፉ መጥተው «እኔ ከሌለሁ ማን እውነት ይናገራል?» ብለው ገቡ።

«ምን የሚያሰበስብ ነገር አለ?» አለ ዴልማር። «አባቴን የገደለችው እዚህ ቆማለች። ኮርፖራል፣ ይዘዋት ይሂዱ።»

«አባትህን የምትፈልገው አሁን ነው?» አሉት ማስ ሩፐርት። «በሕይወት ሳለ የምትፈልገው መሬቱን ነበር።»

«ማስ ሩፐርት፣ እባክዎ» አለች ቬሮና። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። «ኮርፖራል ነርስ ካዲያን የሌላ ሰው ጣት ወጋች ይላሉ። የማንን? በዚያ ጠዋት እንዲያ ያለ ስኳር የነበረው ሰው በክፍሉ አልነበረም። ስለዚህ የወጋችው የራሳቸውን የዳክሬስን ጣት ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን? የሌሎቹን ሁሉ በትክክል ለክቷል። ላቦራቶሪውም አልተሳሳተም፤ ሰውየው የሞቱት ላቦራቶሪው እንዳለው ስኳራቸው ደህና ስለነበረ ነው። ታዲያ ማሽኑ ስኳር አየ፤ ስኳሩ ግን ደማቸው ውስጥ አልነበረም። የት ነበር?»

ራሷ መለሰችው።

«ጉንዳኖቹ ያውቃሉ። ወደ ራስጌው፣ ወደ ምግቡ አልሄዱም። የሄዱት ግራ እጃቸው ወዳረፈበት ብረት ነው።» ወደ አይሲልዳ ዞረች፤ ፊታቸውን ማየት ግን አልቻለችም፤ ሳፋውን አየች። «ሚስ አይሲ፣ ትናንት ጠዋት በወንድምዎ ግራ እጅ ላይ ምን አኖሩላቸው?»

አሮጊቷ ፈገግ አሉ። ከመጡ ጀምሮ የመጀመሪያው ነበር።

«አይ፣ እሱን ነው? የደጁን ማንጎ ነዋ! ራሱ የተከለው ነው፤ ዘንድሮ ቅርንጫፉን አጉብጦታል። መብላት ቢከለከል ማሽተት ተከለከለ? ግማሹን ልጬ በደህናው እጁ አስይዘዋለሁ። ጭምቅ ያደርገዋል። ወደ አፍንጫው እወስድለታለሁ። ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ በደስታ። በየጠዋቱ ነው ያደረግሁለት። አንዲት ጠብታ ግን አልዋጠም፤ እምላለሁ።»

«አምናለሁ» አለች ቬሮና። ቀደም ብላ ከበሩ ሻጭ የገዛችውን ማንጎ ከቦርሳዋ አወጣች። «ኮርፖራል፣ ይላጡልኝ።»

«አሁን?»

«ሲያዩት ምራቅዎ መጥቷል፣ አይከራከሩ» አሉ ማስ ሩፐርት።

ሊንዶ ላጠ። እጁን በደረቅ መሐረብ አበሰ። ቬሮና ለካዲያን ምልክት ሰጠቻት፤ ካዲያን ትናንት እንዳደረገችው፣ ጣቱን በአልኮል ጠረገች፣ እስኪደርቅ ጠበቀች፣ ወጋች። ማሽኑ አሰበና ቁጥሩን ጻፈ። ሐኪሙ አንገቱን አስግጎ አየና አፉን ያዘ። ከዳክሬስ ቁጥርም ይበልጣል።

«ኮርፖራል!» ብለው ጮሁ ማስ ሩፐርት። «ከጎኔ ያለው አልጋ ባዶ ነው፣ ይምጡ ይግቡ!»

ሚስ አይሲልዳ ሳይቀሩ ሳቁ። ቬሮና የታሸገ ውሃ ከፍታ የሊንዶን እጅ በሳሙና አጠበች፤ አደረቀች። ካዲያን ያንኑ ጣት ደግማ ወጋች። ቁጥሩ የጤነኛ ሰው ሆነ።

«አልኮል ጀርም ይገድላል» አለች ቬሮና። «የማንጎ ስኳር ግን በአልኮል ጥጥ በደንብ አይለቅም፤ ቆዳው ላይ ይቀራል። የሚያስለቅቀው ውሃ ነው። በሌሎቹ ቀናት ማንጎው ምንም ያላደረሰው ከማንጎው በኋላ ገላቸው ስለሚታጠብ ነው። ትናንት…»

አልጨረሰችውም። የሚስ አይሲልዳ ሳቅ ፊታቸው ላይ ቀርቶ ነበር፤ ሊያነሡት የረሱት ዕቃ ይመስል። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ትናንት ውሃ አልነበረም» አሉ። «አላጠብኩትም።»

ካዲያን በግድግዳው ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ዴልማር ክንዱን ፈታ፤ ወደ አክስቱ አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ። ሊንዶ ማንጎውን የት እንደሚያኖረው ጠፋው።

«አልኮል ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ሲስተር ክሎቨር፣ ለማንም ሳይሆን።

«ታዲያ» አለ ሊንዶ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ማንን ነው የምይዘው?»

«ማንንም» አለች ቬሮና። «ካዲያን ትእዛዙን ፈጽማለች። ጽፈው ይፈርሙልኝ፤ አሁን፣ እዚሁ።»

ሊንዶ ጻፈ። ፈረመም።

ሚስ አይሲልዳ እጃቸውን በቀሚሳቸው ይጠርጋሉ፤ ይመለከቱታል፤ ይጠርጋሉ። ከበሩ ሲደርሱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ከዛፉ ሥር ስታነጋግሪኝ ታውቂው ነበር?»

ቬሮና መዋሸት ትችል ነበር። «አውቅ ነበር» አለች።

«እና በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አሳቅሽኝ።»

ሳፋቸውን ትተው ወጡ። ካዲያን አንሥታ ተከተለቻቸው፤ ባዶ እጇን ግን አልተመለሰችም፤ ሳፋውን እንደታቀፈች መጣች። «አልቀበልም አሉኝ» አለች።

ቬሮና በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። የሚስ አይሲልዳን ስልክ ቁጥር ሲስተር ክሎቨር ሰጥተዋታል። ጻፈች፤ አጠፋች፤ ደግማ ጻፈች። ባሕሩ ከመንገዱ ጋር አብሮ ይጠማዘዛል። ካዲያን ነጻ ወጥታለች፤ ይህን ደጋግማ ለራሷ ነገረችው፤ እውነትም ነበር። ነገር ግን ሌላ መንገድ አልነበረም ማለት ሲቃጣት ሐሳቧ እየተቆረጠ አስቸገራት። በመጨረሻ ላከችው።

«ሚስ አይሲ፣ ቬሮና ነኝ። ከመውጋታችን በፊት የወንድምዎን እጅ በውሃ ማጠብ የእኛ ሥራ ነበር እንጂ የእርስዎ ዕዳ አልነበረም። ለብቻዎ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር፤ ካወቁ አይናገሩልኝም ብዬ ፈራሁ። ሳፋውን ራሴ ላምጣልዎት? በፈለጉት ቀን፣ በፈለጉት ሰዓት እመጣለሁ።»

መልእክቱ መድረሱን ስልኩ አሳያት። ኪንግስተን ሳትገባ መነበቡንም አሳያት። መልስ ግን በዚያ ቀን አልመጣም፤ የማንጎው ወቅት አልፎ ዝናቡ ሲገባም አልመጣም።